ታቦታችን ደባል ሊሆን ነው፤ እንዴት እንሰናበት?

ጥያቄ፦

«መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምንኖረው በሰሜን ጀርመን በምትገኝ አነስተኛ ከተማ ነው። የጀርመን ወንጌላውያን አዳራሻቸውን እየለቀቁልን በቅዱስ ሚካኤል ስም ተሰብስበን ስናስቀድስ ኖረናል። አሁን ግን ሕንፃው ሊሸጥ ስለሆነ ባለቤቶቹ ራሳቸው ይለቃሉ። በእኛም በኩል ወጣቶቻችን ሥራ ፍለጋ ወደ ትልልቅ ከተሞች ስለሄዱ ለቅዳሴ የሚያስፈልጉትን አምስት ልዑካን (ካህናትና ዲያቆናት) ማሟላት ካቃተን ሰንብቷል። ሀገረ ስብከቱ ታቦቱ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ከተማ ወዳለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሄዶ በደባልነት እንዲቀመጥ ወስኗል። በመካከላችን ግን ስምምነት የለም። አንዳንዱ ‹በኃጢአታችን መቅረዛችን ተወሰደ› ይላል። ሌላው ‹ታቦት በአቢዳራ ቤት ተቀምጦ የለምን? ሌላ አዳራሽ እስክናገኝ በአንዳችን ቤት ይቆይ› ይላል። ከዓመታት በፊት ከዚያች ቤተ ክርስቲያን ተጣልተው የወጡ ስላሉም ‹ተመልሰን አንገባባትም› ይላሉ። እኔ ልጆቼን ክርስትና ያስነሣሁት፣ ከባለቤቴ ጋርም በተክሊል የቆረብሁት በዚህ ታቦት ፊት ነው፤ ለኅዳር ሚካኤል በየዓመቱ የማገባው ስለትም አለኝ። ሚካኤልን በሌላ ቤት ደባል ሆኖ ማየት ይከብደኛል፤ ክብሩስ አይነካም ወይ? እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ በኋላ ቤቴ ተቀምጬ ቅዳሴውን በስልክ ብከታተል ይሻለኛል እስከማለት ደርሻለሁ። ያችን አዳራሽ ሁልጊዜ በጠዋት መጥታ የምትከፍትልን አሮጊት ጀርመናዊት ዜናውን ስትነግረን አለቀሰች፤ እኛም አብረናት አለቀስን። እንዴት እንሰናበት?»

መልስ፦

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አስቀድሞ የደረሰኝ ኀዘንሽ ስለሆነ በእርሱ ልጀምር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያለቅሰውን ሰው «እምነት ጎድሎህ ነው» የሚሉ አይጠፉም፤ አትስሚያቸው። ቅዱስ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች በሚሊጢን ሲሰናበት ሁሉም እጅግ እንዳለቀሱ፣ አንገቱን አቅፈው እንደሳሙት፣ ዳግመኛ ፊቱን እንደማያዩ ስለነገራቸውም ይልቁን እንዳዘኑ ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል (ሐዋ. 20፥36-38)። ሐዋርያው አልገሠጻቸውም። ነገር ግን ከልቅሶው በፊትና በኋላ ያደረጉትን ልብ በዪ፤ አስቀድመው አብረው ተንበርክከው ጸለዩ፤ ካለቀሱ በኋላም እስከ መርከቡ ድረስ ሸኙት። ከመካከላቸው ገመዱን ይዞ መርከቡን ያስቀረ አልነበረም። ስለዚህ አልቅሱ፤ ጸልዩ፤ ሸኙም።

ከኀዘንሽ ጋር ተቀላቅሎ የመጣው አሳብ ግን ሌላ ነው። ይህን አሳብ በስደት ካሉ ምእመናን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ መልኩ ይለያይ እንጂ ሥሩ አንድ ነው። «የእኛ ታቦት»፣ «የእኛ ሚካኤል» እንላለን። በፍቅር እስከተነገረ ድረስ ነውር የለበትም፤ አገር ቤትም ሰው ስለ ሰፈሩ ታቦት እንዲሁ ይናገራል። በባዕድ አገር ግን ንግግሩ ሳይታወቅ ወደ ባለቤትነት ይሻገራል። ሰው ወላጆቹን፣ መንደሩንና ቋንቋውን ትቶ መጥቶ የቀረችው ያች በወር ሁለት ቀን የሚሰበሰብባት አዳራሽ ብቻ ስትሆን፣ ከሌሊቱ ተነሥቶ ወንበሩን ገለል ያደረገው፣ ምንጣፉን የዘረጋው፣ መጋረጃውን የሰቀለው፣ ከቅዳሴም በኋላ ሁሉን አጣጥፎ በሻንጣ የከተተው፣ የዕጣኑ ሽታ እንዲወጣ በክረምት ብርድ መስኮቱን የከፈተው እርሱ ራሱ ሲሆን፣ «ይህ የእኔ ነው» ማለቱ አይደንቅም። እግዚአብሔር ያን ድካም አይረሳውም። ሆኖም የደከምንበት ሁሉ የእኛ ንብረት አይደለም። በቤተ እግዚአብሔር የሚደክም ሰው ባለአደራ ነው፤ ባለአደራነቱም የሚፈተነው አደራውን በተረከበበት ቀን ሳይሆን አስረክብ በተባለበት ቀን ነው።

ታቦት ሥጋው የሚፈተትበት፣ ደሙ የሚቀዳበት የክርስቶስ መሠዊያ ነው። በቅዱስ ሚካኤል፣ በእመቤታችን ወይም በጊዮርጊስ ስም ይሰየማል፤ በላዩ የሚሠዋው ግን አንድ በግ ነው። የሚባርከውና በቅብዐ ሜሮን የሚያከብረው ኤጲስ ቆጶስ እንደሆነ ሁሉ፣ ከአንድ ስፍራ ተነሥቶ ወደ ሌላ የሚሄደውም በእርሱ ፈቃድ ነው። ልጆችሽ የተጠመቁት በዚያ አዳራሽ ቢሆንም የተወለዱት ከመንፈስ ቅዱስ ነው፤ ጥምቀታቸውም የመላዋ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጥምቀት ነው። ተክሊላችሁም እንዲሁ ነው። ሕንፃው ተሽጦ ነገ ምግብ ቤት ወይም መኖሪያ ቢሆን ከዚህ ሁሉ አንዲት ፊደል አይፋቅም። ይህን የምጽፈው ነገሩን ሳታውቂው ቀርተሽ አይደለም። ሰው ሲያዝን የሚያውቀውም ይርቀዋልና ነው።

እንግዲህ ወደ አቢዳራ እንምጣ፤ ይህ ቤት በእናንተ ጉባኤ ብቻ ሳይሆን በሌሎችም ዘንድ ያለ አገባቡ ሲጠቀስ ሰምቻለሁና።

«ታቦት በአቢዳራ ቤት ሦስት ወር ተቀምጦ የለምን?» የሚሉት ወንድሞች የጠቀሱት ቃል እውነት ነው (2ኛ ሳሙ. 6፥10-11)፤ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ግን አላነበቡትም። ከፊቱ ያለው፣ ንጉሥ ዳዊት ታቦቱን ወደ ኢየሩሳሌም ሲያመጣ የሆነው የዖዛ ሞት ነው። ዖዛ ሠረገላው ሲያዘነብል ታቦቱን ለመደገፍ እጁን የዘረጋ እንጂ ክፉ ያሰበ ሰው አይመስልም፤ ዳሩ ግን ሥርዓቱ አስቀድሞ ተጥሶ ነበር፤ ሌዋውያን በትከሻቸው ሊሸከሙት የሚገባው ታቦት በሠረገላ ተጭኖ ነበርና። ዳዊት በዚያ ቀን እግዚአብሔርን ፈርቶ «የእግዚአብሔር ታቦት ወደ እኔ እንዴት ይመጣል?» አለ። ታቦቱ ወደ አቢዳራ ቤት የገባው በዚህ ፍርሃት፣ በንጉሡ ትእዛዝ ነው። የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው «በአንዳችን ቤት ይቆይ» ብለው አልወሰኑም፤ አቢዳራም ስጠኝ ብሎ አልጠየቀም። ከዚያ በፊት በቂርያትይዓሪም በአሚናዳብ ቤት በቆየ ጊዜም ቢሆን ታቦቱን እንዲጠብቅ ልጁ አልዓዛር ተቀድሶለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 7፥1)። ልጆች የሚሯሯጡበት፣ ቴሌቪዥን የሚከፈትበት፣ ተከራይ ሲለቅ ዕቃ የሚወጣበት አፓርትመንት ለዚህ አይሆንም። በቁርጥ እናገራለሁ፦ ታቦቱ ለአንዲት ሌሊትም ቢሆን ያለ ሊቀ ጳጳሱ ፈቃድና ያለ ካህን በምእመን ቤት አይደር። ይህን ያሰቡት ወንድሞች ከፍቅር የተነሣ እንዳሰቡት አውቃለሁ፤ ዖዛም እጁን የዘረጋው ታቦቱ እንዳይወድቅ ብሎ ነበር።

እኔ ግን አቢዳራን ከዚህ ይልቅ ከኋላው ስላለው ነገር እወደዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ እግዚአብሔር እርሱንና ቤቱን ሁሉ ባረከ፤ በረከቱም ከመታወቁ የተነሣ ወሬው ወደ ንጉሡ ደረሰ። እስቲ አስቢው፤ ዳዊት ታቦቱን ለመውሰድ የተመለሰው የአቢዳራ ቤት መባረኩን ሰምቶ ነው። በዓለም አስተያየት አቢዳራ በበረከቱ ምክንያት በረከቱን ሊያጣ ነው። በር ሊዘጋ፣ «ዖዛ በሞተ ጊዜ ሁላችሁም ስትሸሹ የተቀበልሁት እኔ ነኝ» ሊል ይችል ነበር፤ ቢለውም እውነቱን ነበር። መጽሐፍ ግን ከአፉ የወጣ አንድም የክርክር ቃል አልጻፈልንም። ታቦቱ በእልልታና በቀንደ መለከት ድምፅ ወጣ። በዜና መዋዕል ስናነብ ደግሞ ያ ስም፣ ዖቤድኤዶም ተብሎ፣ በኢየሩሳሌም ከታቦቱ በረኞች መካከል ተቆጥሮ እናገኘዋለን (1ኛ ዜና 15፥24፤ 16፥38)። እኔ ያው አቢዳራ ነው ብዬ አስተምራለሁ። ትናንት ታቦቱ በእልፍኙ የነበረ ሰው ዛሬ በሌላው ቤት ደጃፍ ቆሞ በር ይጠብቃል። ቤቱን ዘግቶ «ታቦቴ ሄደ» እያለ አልተቀመጠም፤ ታቦቱን ተከትሎ ሄደ፤ የተሰጠውን አነስተኛ ስፍራም ወደደው። «በእግዚአብሔር ቤት እጣል ዘንድ መረጥሁ» (መዝ. 83፥10) ማለት ይህ ነው። ማኅበራችሁ ከአቢዳራ አንድ ነገር ሊወስድ ከፈለገ ሦስቱን ወር ትቶ ይህን ይውሰድ።

ስለ ደባልነት የጠየቅሽውን ከዚህ ለይቼ አላየውም። ደባል መሆን የሚያሳፍረው የቤት ኪራይ የሚከፍለውን ሰው እንጂ ቅዱስ ሚካኤልን አይደለም። በአገራችን ብዙ አድባራት በመንበሩ ላይ ከአንድ በላይ ታቦት አላቸው፤ ሕዝቡ በአንዱ ስም ይጠራቸዋል እንጂ የሌሎቹንም በዓል ያከብራል። በከተራ ማታ በጃንሜዳ ስንት ታቦታት በአንድ ዳስ እንደሚያድሩ አስታውሺ፤ ያን ሌሊት «ማን ባለቤት፣ ማን እንግዳ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። በማግሥቱ ሌሎቹ ሲገቡ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ጥር 12 ቀን ይገባል፤ ይህም መዘግየት ለእርሱ ክብር ሆኖ ሕዝቡ እንደገና ወጥቶ በዝማሬ ያጅበዋል። ደግሞስ ከስፍራው መነሣት ክብር ቢነካ ኖሮ፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፈው የሄዱት ታቦታት ምን ይባሉ ነበር? ከእነርሱ አንዱ በስኮትላንድ ኤድንበርግ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠበት ተገኝቶ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ አዲስ አበባ በእልልታ ወጥታ ተቀበለችው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ምንነቱን በማያውቁ ሰዎች መካከል ቆይቶ ክብሩ አልጎደለም፤ ክርስቲያኖች በሚሰግዱበት፣ በየዕለቱ በሚታጠንበት፣ በእመቤታችን መንበር ላይ የሚቀመጠው ሚካኤል ይጎድልበታል ብለሽ አትስጊ። እመቤታችንን ያበሠራት ጓደኛው ቅዱስ ገብርኤል አይደለምን? በእርስዋ ቤት መላእክት እንግዳ አይደሉም።

አሁን ጥቂት የሚመረውን ልናገር። «መቅረዛችን ተወሰደ» የሚለው ቃል በጉባኤያችሁ መነሣቱን ጽፈሻል። ይህን ጥቅስ ለሚዘጋ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ የሚለጥፉ ሰዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚናገሩት ስለ ራሳቸው ኃጢአት ሳይሆን ስለ ሌላው ነው፤ «ኃጢአታችን» ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን ሰብሳቢውን ወይም ካህኑን ያያል። በእናንተ ከተማ የሆነው የታወቀ ነው፤ ወጣቶቹ ሥራ አጥተው ሄዱ፤ ሕንፃው ሊሸጥ ነው። የሕንፃው ባለቤቶች እንኳ በዚህ ብቻቸውን አይደሉም፤ በጀርመን የሁለቱ ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት አባላት ተደምረው ከሕዝቡ ግማሽ በታች ከሆኑ ዓመታት አልፈዋል፤ በየከተማው ሕንፃ ይዘጋል፣ ይሸጣል። በዚህ ውስጥ እግዚአብሔር በእናንተ ላይ ልዩ ፍርድ አወጣ የሚል ሰው ከየት እንዳገኘው ይንገረን።

ይሁን እንጂ ጥቅሱን ካነሣችሁ አይቀር ሙሉውን አንብቡት። ጌታ ለኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን «መቅረዝህን ከስፍራው እወስዳለሁ» ያለው ምን ቢጎድልባት ነው? ሥራዋን፣ ድካሟን፣ ትዕግሥቷን መስክሮላት ሲያበቃ የነቀፈባት አንድ ነገር ነበር፤ «የቀደመውን ፍቅርህን ትተሃልና» አላት (ራእ. 2፥4)። እንግዲህ ይህ ቃል በእናንተ ዘንድ ሥራ ካለው፣ ያለው በሕንፃው መዘጋት ላይ ሳይሆን፣ «ከዚያች ቤተ ክርስቲያን ተጣልተን የወጣን ስለሆንን አንገባባትም» በሚለው ቃል ላይ ነው። ከዓመታት በፊት በምን እንደተጣሉ አልጻፍሽልኝም፤ አልጠይቅሽምም። በስደት አብያተ ክርስቲያናት የሚነሣው ጠብ በአብዛኛው ያው ነው፤ የሰበካ ጉባኤ ምርጫ፣ የገንዘብ ሒሳብ፣ ከዘርና ከፖለቲካ ጋር የተነካካ አንድ የስብከት ቃል፣ አንዳንዴም ማን ማይክ ያዘ የሚል ነገር ነው። ትንንሽ ማኅበራት ሁሉ በርቀት ምክንያት ተወለዱ ብንል ራሳችንን እንሸነግላለን፤ ከጠብ የተወለዱ አሉ። እግዚአብሔር ግን ከጠብ በተወለደው ማኅበር እንኳ ሥጋውንና ደሙን አልከለከለም፤ ልጆችን አስጠመቀ፤ ሙሽሮችን አጋባ። ይህ ቸርነቱ ነው እንጂ ጠቡን ማጽደቁ አይደለም።

ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በሁለት ሲኖዶስ ተለያይተው የነበሩት አባቶቻችን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ታርቀዋል፤ ሁለት ፓትርያርኮችም አንደኛው በ2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አብረው ኖረዋል። አባቶች ይህን ካደረጉ በኋላ እኛ በአንድ ወቅት በአንድ አዳራሽ በተነገረ ቃል ምክንያት የእመቤታችንን ደጅ ላለመርገጥ ምክንያት የለንም። «መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ፣ በዚያም ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ያለው ጌታ መባውን እዚያው ትተን እንድንታረቅ ነው ያዘዘን (ማቴ. 5፥23-24)። ታቦቱ ከመሄዱ በፊት ከእናንተ ሽማግሌዎች ጥቂቶቹ ወደዚያ ከተማ ይሂዱ፤ ከተጣሉት ሰዎችም አንድ ሁለቱ አብረው ይኑሩ፤ በዚያ ያሉ ካህናት ባሉበት ይቅር ይባባሉ። ታቦቱ ደርሶ በሩ ላይ ቆሞ ሰዎች ፊት የሚዞሩበት ቀን ከሚሆን፣ ጉዞው ለአንድ ወር ቢዘገይ ይሻላል። ዕርቅ ሳይኖር ዕንባ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ጠቡን ከዕቃው ጋር ጭናችሁ መሄዳችሁ ነው።

በስልክ ስለሚታይ ቅዳሴ ረጅም ነገር አልጽፍልሽም። ለታመመ፣ ለአራስ፣ በሆስፒታል ተረኛ ሆኖ ለሚያድር ሰው መጽናኛ ነው፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ለሚያየው ግን ልማዱ ልቡን ያደነዝዘዋል፤ ሥጋ ወደሙም በስክሪን አይመጣም። «መሰብሰባችንን አንተው» የተባልነው (ዕብ. 10፥25) ቅርብ ሆኖ ለተመቸን ብቻ አይደለም። በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ቀላል መንገድ ነው አልልም፤ በተለይ ለሕፃናት። ነገር ግን ለሠርግና ለልደት በዓል ከዚያ የራቀ መንገድ ስንሳፈር እናውቃለን። ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካክረሽ የሚቻልሽን መጠን ወስኚ፤ በየሳምንቱ ካልሆነ በወር አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ግን ልጆቹ ሳይቆርቡ ወራት እንዳያልፉባቸው። የጠዋቱ ባቡር ለቅዳሴው መግቢያ የማያደርስ ከሆነ ቅዳሜ ማታ ሄዳችሁ በዚያ ባሉ ምእመናን ቤት ማደር ትችላላችሁ፤ እነርሱም እንዲያሳድሩአችሁ ከአሁኑ ይጠየቁ፤ ካህኑም ይህን በዐውደ ምሕረት ላይ ቢናገረው ደስ ባላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። በከተማችሁ ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ በየወሩ በ12 ከቤት ወደ ቤት መዞሩን አያቁም። ለጽዋ አምስት ልዑካን አያስፈልጉም፤ ውዳሴ ማርያም የሚደግም፣ መዝሙረ ዳዊት የሚያነብ፣ ዳቦ የሚቆርስ ይበቃል። የሚዘጋው አዳራሹ ነው፤ እናንተ ማኅበርተኞች ናችሁ። ብቻ ጽዋው የቁርባን ምትክ አይሁን።

ስለ ንዋየ ቅድሳቱ አልጠየቅሽም፤ ሆኖም ሳልናገር ባልፍ ከስንብቱ በኋላ የሚያጣላችሁ እርሱ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «ያን መጋረጃ የሰጠሁት እኔ ነኝ»፣ «ከበሮውን ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት በገንዘቤ ነው፤ ይመለስልኝ» የሚል ቃል ይመጣል። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነገር ወደ ሰጪው አይመለስም። ጻሕሉና ጽዋው፣ ዕርፈ መስቀሉና ማኅፈዱ ተባርከው ለምሥጢር የዋሉ ናቸው፤ ለመታሰቢያ ተብሎ በሳሎን መደርደሪያ ላይ ሊቀመጡ አይገባም። የቤተ መቅደሱን ዕቃ ለግብዣው ያወጣው ብልጣሶር በዚያች ሌሊት የደረሰበትን ዳንኤል ጽፎልናል (ዳን. 5)። ሁሉም በካህኑና በሰበካ ጉባኤው ፊት እየተቆጠረ ይመዝገብ፤ ከታቦቱ ጋር ይሂድ፤ ወይም ሀገረ ስብከቱ ወደሚያዝዘው ችግረኛ ቤተ ክርስቲያን ይላክ። በባንክ ያለው ገንዘብም እንዲሁ ነው፤ «የተረፈውን እንከፋፈል» የሚል ሰው ቢነሣ ባለ ሥልጣን ሳትጠብቁ እናንተው ዝም አሰኙት።

ከዕቃው ሁሉ ይልቅ አጥብቄ የማሳስባችሁ ግን መዝገቡን ነው። የተጠመቁት ልጆች ስም ከክርስትና ስማቸውና ከክርስትና አባት ወይም እናታቸው ጋር፣ በተክሊል የተጋቡት፣ ያረፉትም የተጻፈበት ደብተር በአንድ ሰው ቤት መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር። ብዙ ጊዜ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ልጁ አድጎ ሊያገባ ሲል የጥምቀት ምስክር ወረቀት ይፈለጋል፤ የሚሰጠው አይገኝም። ያረፉ ወገኖቻችሁም በዚያች ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ፍትሐት እንዲታሰቡ ስማቸው ለአስተዳዳሪው ይሰጥ። በስደት የሞተ ሰው በአቅራቢያው ዘመድ የለውም፤ ስሙን የያዘለት ይህ ማኅበር ብቻ ነው።

የመጨረሻው ቅዳሴ የሐዘን ጉባኤ አይሁን። ሁላችሁም ንስሐ ገብታችሁ፣ ተዘጋጅታችሁ ቁረቡ፤ በአዳራሹ ውስጥ የምታደርጉት የመጨረሻው ነገር መቁረብ ይሁን። ታቦቱን ካህናቱ በሥርዓቱ ያነሡታል፤ እናንተ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ እየዘመራችሁ እስከ መኪናው ሸኙት፤ ስልካችሁን ከቦርሳ አታውጡ፤ የሚያጅቡት መኪኖችም ነዳጅ ማደያ ቆመው ቡና የሚጠጣባቸው አይሁኑ፤ በቀጥታ ይሂዱ። የሚቻለው ሁሉ በዚያው ቀን አብሮ ቢጓዝ መልካም ነው፤ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ታቦቱን ብቻ ሳይሆን እናንተንም እንዲቀበሉ።

ያች በር የምትከፍትላችሁ ጀርመናዊት እናት አትረሳ። እርስዋም ቤተ ክርስቲያኗን እየተሰናበተች ነው፤ ምናልባት በዚያ ተዳረች፣ ባሏንም ከዚያ ቀበረች። በእምነት ሥርዓት ከእኛ ጋር አንድ አይደለችም፤ ይህን እርስዋም እናንተም ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን ለእንግዶች በብርድ ማለዳ በር መክፈቷን እግዚአብሔር አይቶታል፤ በደቀ መዝሙር ስም የተሰጠች አንዲት ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ዋጋዋን እንደማታጣ የተናገረ እርሱ ነው (ማቴ. 10፥42)። ከቅዳሴው በኋላ ካህኑና ሽማግሌዎቹ ሄደው እርስዋንና ጉባኤዋን በሕዝቡ ስም ያመስግኑ፤ ዝክር አዘጋጅታችሁ እነርሱንም አብሏቸው። የተከራያችሁትን ስፍራ አጽድታችሁ፣ በግድግዳው ላይ የተሰካውን ምስማር ሁሉ ነቅላችሁ አስረክቡ። ይህም ስብከት ነው።

ስለትሽ እንዳለ ነው። ስለትን የተሳልሽው በመልአኩ አማላጅነት ለእግዚአብሔር እንጂ ለአዳራሹ አይደለም፤ «ለእግዚአብሔር ስእለት በተሳልህ ጊዜ ትፈጽመው ዘንድ አትዘግይ» ይላል (መክ. 5፥4)። ኅዳር 12 ቀን ታቦቱ ወዳለበት ሄደሽ አግቢው፤ ያን ቀን ሥራ ካልተፈቀደልሽ በአቅራቢያው ባለው እሑድ አድርሺው፤ እርሱም ካልሆነ በሚሄድ ሰው እጅ ላኪውና ደረሰኙን ያዢ። የኅዳር ሚካኤል በዓል በዚያች ቤተ ክርስቲያን የዓመት መርሐ ግብር ውስጥ ይግባልን ብላችሁ ከርክክቡ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከእናንተም የመዘምራኑን አገልግሎት የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች በዚያ ካሉት ጋር ሆነው ለበዓሉ ማኅሌት ከአሁኑ ይዘጋጁ። ጥያቄውን ከርክክቡ በኋላ ከምታቀርቡት በፊት ብታቀርቡት ይሻላል፤ አስተዳዳሪዎች ይለዋወጣሉና በወረቀት ያልሰፈረ ነገር ይረሳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።